ጌታ ከኮንትራት ፍርሃት አወጣኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ይህን ምስክርነት ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። በኮንትራት የምትሠሩ ሁሉ እንድታነቡት ስለፈለግኩ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው አዳማ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል፣ ለዓመታት ዳታ ክለርክ፣ ማለትም የታካሚዎች መረጃ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደመወዜ የሚከፈለው በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ከሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ነበር። አጠገቤ የምትሠራው ነርስ ደግሞ የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ ናት። ክፍላችን አንድ፣ ታካሚዎቻችን አንድ፣ ሻይ እንኳ የምንጠጣው አብረን ነው። እሷ ግን ብድር ትወስዳለች፣ ለሰው ዋስ ትሆናለች። እኔ ለገዛ ወንድሜ ዋስ ልሁን ብል የሚቀበለኝ የለም፤ የሚጠየቀው ቋሚ ሠራተኛ ነዋ።

ፍርሃቱ በየዓመቱ ቀን ጠብቆ ይመጣ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚያልቀው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ላይ ነው። ሰው መስቀልን ሲያከብር እኛ "ኤክስቴንሽን (የውል ማራዘሚያ) መጣ ወይ?" እየተባባልን ስልክ እንደዋወላለን። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያኔ ነው፣ አከራይም ኪራይ የሚጨምረው ያኔ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ እፎይ እላለሁ። ጥቂት ወር ሳይቆይ ሆዴ ውስጥ ያ ነገር ይጀምራል። አለቃ ሲጠራኝ፣ የማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ፣ ስብሰባ አለ ሲባል፣ ልቤ ድው ይላል። ጸሎቴ ሁልጊዜ "ጌታ ሆይ፣ ኮንትራቴ ይታደስልኝ" ነበር። እሱም ታማኝ ነው፣ በየዓመቱ ሰማኝ።

በ2017 ግን መስከረምን ተሻግረን፣ ገና ዘና እንዳልን ነው ዱብ ዕዳ የወረደብን። ጥር 12፣ በጥምቀት ማግስት፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈረሙ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ፕሮጀክቶች ሥራ እንዲያቆሙ ትእዛዝ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በአገራችን በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንደተቋረጠ በዜና ሰማን። የእኔም ደብዳቤ መጣ። "በፈንድ መቋረጥ ምክንያት" ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት በአንድ መስመር ምስጋና አለቀ።

በመጨረሻው ቀን ቀጠሮ ያለፋቸውን ታካሚዎች መዝገብ ለነርሷ አስረከብኩ። ስልካቸው የተቀየረባቸውን ከጎን በእርሳስ ጻፍኩላት፤ እቤት ሲደወል ባል እንዳያነሳ የምትፈልገዋን እናት፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚገኘውን ሹፌር፣ እነዚህ ነገሮች ኮምፒውተሩ ላይ የሉም፣ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበሩ። አንዲት ታካሚ "አንቺም ልትሄጂ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ እሱም የሰው ነው፤ ገቢውን ከፍሎ የሚተርፈው ለአስቤዛ ነው። ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ኪራይ፣ ዕቁብ፣ የልጆች ክፍያ እያልኩ ስደምር ይነጋል። እውነት ለመናገር ከሥራ ማጣቱ በላይ የጎዳኝ ፍርሃቱ ነበር። ሥራው እያለም አብሮኝ የኖረ ፍርሃት ነው።

አንድ ዓርብ ለጸሎት ሄድኩ። አንዲት እናት እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ስለ ሥራ አንድ ቃል አልተነፈሱም። "ልጄን ከፍርሃት አውጣት" ነው ያሉት፣ ደጋግመው። ስለዚህ ነገር ምንም የነገርኳቸው የለም! አለቀስኩ፣ በጣም አለቀስኩ። እቤት ገብቼ ተኛሁ፣ ጠዋት የባጃጁ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ኪራዩ አልተከፈለም፣ ሥራም የለም፣ እኔ ግን ተኝቼ አደርኩ። ጌታ ይባረክ!

ይህ ነገር የስሜት ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቦ የስንብት ክፍያ እንጠይቅ አለን። አዋጁ ክፍያው የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ድሮ ቢሆን አልጠይቅም። ኮንትራት ሠራተኛ መብቱን የማይጠይቀው ስሜ ተይዞ ነገ ሌላ ፕሮጀክት አይቀጥረኝም ብሎ ነው፣ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ግን ደብዳቤውን ራሴ ይዤ ገባሁ፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ዘግይቶም ቢሆን ክፍያው ገባልን። ወገኖቼ፣ እየጸለያችሁ ውላችሁንም አንብቡ።

አንዳንዶቻችን ፕሮጀክቱ ይመለሳል ብለን ጠብቀን ነበር። ሰኔ 24 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን በይፋ ሲያቆም ያም ተስፋ አለቀ። እኔ በአንድ የግል ክሊኒክ የካሸርነት ቦታ አገኘሁ፣ ነገር ግን ዋስ አምጪ ተባልኩ። ማንን ልጠይቅ? በጸሎት ያዝኩት እንጂ ለሰው አልተናገርኩም ነበር። ያቺ ነርስ ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ ከመሥሪያ ቤቷ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤዋን አጽፋ እቤቴ ድረስ መጣች። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ ተቆጣችኝ።

አዲሱ ሥራዬም ኮንትራት ነው፣ የስድስት ወር ብቻ። ድሮ ይህን ሳውቅ ገና ከመፈረሜ ማለቂያውን እቆጥር ነበር። አሁን ፈርሜ ወጥቼ ለልጆቼ ሙዝ ገዝቼ ገባሁ። ማታም ተኛሁ።

አብረውኝ ከተቀነሱት እስካሁን ሥራ ያላገኙ አሉ። በተለይ አንዷ የቫይረሱ ተጠቂ ሆና ለዓመታት ሌሎችን ስታበረታታ የነበረች እህት ናት፤ ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቧት። ሥራ የሚያውቅላት ካለም በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን፣ አሜን።