እግር ከፔዳል ሲነሳ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ናፍጣ ሞተር፦ እስካሁን የደረስኩበት

የሲኖትራክን ሞተር ነዳጅ ሰጥቼ ስለቀው ከድምፁና ከጭሱ ብቻ ችግሩ በየት በኩል እንዳለ መገመት ጀምሬያለሁ። ደስ ስላለኝ ለሙያ ጓደኞቼ የያዝኩትን ላካፍል። የማወራው ሜካኒካል ፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) እና የነዳጅ ካቦ (ፔዳሉን ከፖምፓው የሚያገናኘው ሽቦ) ስላለው ባለ 9.7 ሊትሩ ደብሊው ዲ 615 ነው፤ በኮምፒውተር የሚታዘዙት የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

መሠረቱ ቀላል ነው። የቤንዚን ሞተር ፔዳል አየር ይከፍታል፤ የእኛው ሞተር አየር ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ፔዳሉ ገቨርነሩን፣ ማለትም ፖምፓው ላይ ያለውን የዙር መቆጣጠሪያ፣ ያዛል፣ ገቨርነሩ ናፍጣውን ይመጥናል። እግር ሲነሳ ናፍጣው ይቋረጣል፣ ዙሩ ይወድቃል፣ በደቂቃ 600 አካባቢ ሲደርስ ገቨርነሩ መልሶ ይይዘዋል። ጤነኛ ሞተር ሳያመነታ ወርዶ ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ቀጥ ይላል።

ስትሞክሩ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ማርሽ ፍሪ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማ ስር ታኮ ይግባ። ፔዳሉን በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ረግጣችሁ፣ ዙሩ ከ2200 ትንሽ አልፎ ገቨርነሩ ሲይዘው ልቀቁ። አንድ ሰው ማጥፊያው ዘንድ ይቁም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ዙሩ 1200 አካባቢ ተንጠልጥሎ እየተንቀረፈፈ የሚወርደው ነው። ብዙ መካኒክ ወዲያው የሚኒሞውን ቪት (ማስተካከያ ብሎን) ይፈታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ! ቪቱ ሚኒሞን ያወርዳል እንጂ የተጣበቀውን አያላቅቅም፤ በማግስቱ ጠዋት ብርድ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ መቆየት አቅቶት ይጠፋል።

መጀመሪያ ካቦውን ከፖምፓው ሌቫ (ካቦው የሚስበው ክንድ) ላይ አውልቁና ሌቫውን በእጅ ገፍታችሁ ልቀቁት። ዙሩ ቶሎ ከወረደ ፖምፓውን አትንኩት፤ ጥፋቱ አቧራ የጠጣ ካቦ፣ የደከመ የመመለሻ ሞላ ወይም ፔዳሉ ስር የተጣጠፈ ምንጣፍ ነው። አሁንም ከተንጠለጠለ፣ ሌቫው ተመልሶ የሚኒሞውን ቪት መንካቱን በዓይን እዩ። እየነካም ዙሩ ከዘገየ፣ ፖምፓው ውስጥ ናፍጣ የሚመጥነው ዘንግ በዝገትና በቆሻሻ ተይዟል፣ ወይም የገቨርነሩ ሞላና ክብደቶች አልቀዋል። ውሃ የገባበት ናፍጣ ዋናው ጠላት ነው። ይህ የፖምፓ ቤት ሥራ ነው፤ መንገድ ዳር አይከፈትም።

ዙሩ ሲዘገይ ሰማያዊ ጭስ ካለበት ሞተሩ የቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ዘይት እየበላ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከቱርቦ የሚወጣውን የአየር ቱቦ ፍቱና ውስጡን በጣት አብሱ። ስስ ወዝ የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት ካገኛችሁ ሙከራውን አቁሙ። ሞተሩ በዚያ ዘይት ብቻ ዙር እየጨመረ ሊሄድ ይችላል፣ ያኔ የናፍጣ ማጥፊያው ምንም አይሠራም። የሚያቆመው የአየር መግቢያውን በጣውላ መድፈን ነው፤ በእጅ በፍጹም!

ሚኒሞ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ ገቨርነሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት አየር የሚስብ የናፍጣ መስመር ፈልጉ። ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ብትቀጥሉ አረፋው ራሱ ይናገራል።

ጥቁር ጭስን በተመለከተ፣ እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው እስኪደርስ አንድ ጊዜ ቡፍ ቢል አያስደነግጥም። እስከ ላይኛው ዙር ድረስ ከቀጠለ የአየር ማጣሪያውን እዩ። ቱርቦው ሳይነፍስ ናፍጣ እንዳይበዛ የሚገድበውን የፖምፓ ዲያፍራም «ጉልበት እንዲያገኝ» ብለው የሚፈቱ አሉ፤ ትርፉ ጭስና የጋለ ፒስተን ነው።

ነዳጅ ሰጥቶ ወዲያው ማጥፋትም ይቅር። ቱርቦው ገና እየዞረ ዘይቱ ይቋረጥበታል፤ ከጭነት መንገድ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ይቆይ።

ሹፌሮችም ይህን ያዙ፦ ገቨርነር ናፍጣ ይቆርጣል እንጂ ጎማው የሚገፋውን ሞተር አይዝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ስትወርዱ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ምረጡ፣ የሞተር ፍሬኑን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ዙሩ ወደ 2200 ሲጠጋ በእግር ፍሬን አውርዱት። ከዚያ በጣም ካለፈ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ።