ከመጋላ እስከ ከዚራ፦ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስበትን የጠዋት ጉዞ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ስለ ድሬዳዋ የትራፊክ መጨናነቅ ሳወራ ይስቁብኛል። ከተማዋ ትንሽ መሆኗን አልክድም፤ ቤቴ መጋላ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ከዚራ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ሳቢያን ሲሆን፣ መንገዱ ባዶ ከሆነ ሦስቱን በባጃጅ ማዳረስ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ግን በመጋላ በኩል ያለው ሕዝብ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ የሚሻገርባቸው ቦታዎች ጥቂት መሆናቸውና፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ነጋዴውም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ እነዚያኑ መሻገሪያዎች መፈለጉ ነው።

ጊዜው የት እንደሚባክን ለማወቅ ለተወሰነ ጊዜ ሰዓቴን እያየሁ ተጓዝኩ። ድልድዩ ላይ የምንቆመው ከገመትኩት በታች ሆኖ አገኘሁት፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ትምህርት ቤቱ በር አካባቢ ያለው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ነው። ወላጅ ሁሉ ልጁን በሩ ሥር ካላወረደ ያደረሰው አይመስለውም፤ ባጃጁ ደግሞ እንዳወረደ እዚያው ዞሮ ለመመለስ ስለሚሞክር፣ አንዱ መንገዱን ሲቆርጥ በሁለቱም አቅጣጫ ያለው ተሽከርካሪ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ክላክስ ይነፋል፤ ልጆቹ በዚያ ሁሉ መካከል ይሽሎከሎካሉ። ለልጅ አደገኛው ቦታም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከበሩ አንድ ጎዳና ቀደም ብለን መውረድ ጀመርን። ከዚራ ለዚህ የተመቸ ሰፈር ነው፤ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ በፕላን የተሠራ በመሆኑ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ ናቸው፣ ግራና ቀኛቸውም በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ ፀሐይዋ ሳትከር በጥላ መሄድ ይቻላል፤ በመጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች ይህን ማሰብም አይቻል። ልጆቹን በእግር አድርሼ ስመለስ ባጃጁ አፍንጫውን ወደ ሳቢያን አዙሮ ይጠብቀኛል። ትንሿ ልጄ ቦርሳው ከበደኝ ብላ ሰሞኑን ሁሉ ብታኮርፍም፣ ምሳ ዕቃዋን እኔ ልያዝልሽ ስላት ታረቅን።

ሁለተኛው ሥራ የባጃጁ ጉዳይ ነበር። በየጠዋቱ መንገድ ዳር ቆሞ ኮንትራት መለመን ልጅ ላለው ሰው አያዋጣም፤ ያገኙት ሹፌር በጠራው ዋጋ ለመስማማት ያስገድዳል። ከጎረቤቶቼ ጋር ተመካክረን ከአንድ የሠፈራችን ሹፌር ጋር በወር ተዋዋልን። ባጃጅ ከኋላ ለሦስት ሰው የተሠራ ቢሆንም፣ ተሳፋሪዎቹ ልጆች ሲሆኑ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ሳይቀር መጠቅጠቅ እንደ ደንብ ተይዟል። ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ከፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ሰው ከፊት ተጨናንቆበት በፍጥነት ሲታጠፍ በቀላሉ ይገለበጣል፤ የሹፌሩ ክንድም መሪውን እንደ ልቡ ማዞር አይችልም። ይህን ስናነሣበት ሹፌራችን «እህቴ፣ ልጆች እኮ ናቸው፤ ይጠጋጋሉ አቦ!» አለኝ። «ወንድሜ፣ የጎደለውን ሒሳብ እኛ እንሞላልሃለን፤ ከፊት ግን ማንም አይቀመጥም» አልኩት፤ በዚህም ተስማማን። ክፍያው ለእያንዳንዳችን ከፍ ማለቱ የማይቀር ነበር፤ የሚቆጨኝ ወጪ ግን አይደለም።

ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ባጃጆች ማደያ በር ላይ ጠዋት ጠዋት ስለሚሰለፉ፣ ማታውኑ እንዲቀዳና ካልተሳካለት ሳይነጋ እንዲደውልልን መነጋገርም ያስፈልጋል። ከሹፌር ጋር የሚዋዋል ወላጅ ከዋጋው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

ስለ ደቻቱ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለው የአሸዋ ሜዳ በመሆኑ ሰውም ከብትም በውስጡ ያቋርጣል፤ ድልድዩ ሲጨናነቅም በአሸዋው እንሂድ ማለት ያጓጓል። ጎርፉ የሚነሣው ግን ከተማው ላይ ከሚወርደው ዝናብ ብቻ ሳይሆን በስተደቡብ ካለው የደንገጎ ተራራና ከሐረርጌ ደጋ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ በድንገት ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ክረምቱን ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ወላጅ ይዘናጋል እንጂ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥለው የበልግ ዝናብ የሚያገኘን ልጆች በሚመላለሱበት ወቅት ነው። በቤታችን ያለው ደንብ በጋም ሆነ በልግ አይለወጥም፦ ልጆቹ የሚሻገሩት በድልድይ ብቻ ነው፣ ቢዘገዩም። በልግ ሲገባ ደግሞ ከደንገጎ ማዶ የሚመጡ የሥራ ባልደረቦቼን የማታውን ዝናብ እጠይቃለሁ፤ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ አድሮ ከሆነ ቀደም ብለን እንወጣለን።

የምሳ ሰዓቱ መልስ እስካሁን አልተቃናልኝም። ጫት ወደ ከተማው የሚገባውና ገዢው ወደ ጫት ተራ የሚጎርፈው ልጆቹ ከሚለቀቁበት ሰዓት ጋር ስለሚገጥም፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ ስለሚበረታ፣ ባጃጁ ከጠዋቱ ይልቅ ይቆያል። ለጊዜው እህቴ ውኃ ይዛ ትቀበላቸውና እዚያው ከዚራ ካለው ቤቷ ምሳ አብልታ፣ መንገዱ ቀለል ሲል ትልክልኛለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ትልቁ ልጄ የፈረቃ ሰዓቱ ስለሚለወጥ ከሹፌሩ ጋር እንደገና መነጋገር ይኖርብናል።