የጠርሙስ ግሌዝ ሙከራዬ፣ ከሐዋሳ

ባለፈው "ጠርሙስ ፈጭቼ ግሌዝ እሠራለሁ" ብዬ ፎክሬ ነበር። ሠራሁ። ከስድስት ሲኒ አምስቱ ቡና ሲቀዳባቸው ከስር ያረጥባሉ።

ለአዲሶች፦ ጭቃ በ1000 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ይጠነክራል እንጂ ቀዳዳው አይደፈንም። ግሌዝ እላዩ ላይ ቀልጦ የሚጣበቅ ስስ መስታወት ነው። ዋናው ነገሩ ሲሊካ ሲሆን ብቻውን እስከ 1700 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈልግ ማቅለጫ ይቀላቀልበታል። መጀመሪያ የእንጨት አመድ ሞክሬ ነበር፤ ቻይናና ጃፓን ይሠሩበት የለ! እነሱ ግን ከ1200 በላይ ያነዳሉ፤ የእኔዋ የኤሌክትሪክ እቶን 1050 ላይ ታበቃለች (መብራት ካልጠፋ)። አመዱ በጣት ተራገፈ።

ጠርሙሱ ግን ቀለጠ። አፍንጫዬን ሸፍኜ በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ ነፋሁ፣ ትንሽ ጭቃ ቀላቅዬ ቀባሁ። እቶኑን ስከፍት ያብለጨልጫል። ብዙም ሳይቆይ ጢን... ጢን... የሚል ድምፅ ጀመረ፤ ግሌዙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው የበለጠ ስለሚኮማተር ነው።

ገበያ ጀበና የሚሸጡ እናት አይተው ሳቁ። "ልጄ፣ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ለምን አታሟሸውም?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ዘይቱ ቀዳዳውን ይደፍናል። እኔ ግን እልህ ይዞኛል።

አንድ ወዳጄ ደግሞ "ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አውጣና ጨምርበት" አለኝ። በጭራሽ! እርሳስ ከሮማውያን ጀምሮ የታወቀ ማቅለጫ ነው፤ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ያምራልም። ነገር ግን አሲድ ከግሌዙ ውስጥ ያወጣዋል፤ ጠጃችን፣ እርጎአችን፣ ሊጣችን ደግሞ ሁሉም ጎምዛዛ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከታሪክ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የባስራ (የዛሬዋ ኢራቅ) ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ነጭ ዕቃ አይተው ቀኑ። ዐረብኛ ያንን ዕቃ "ሲኒ"፣ ቻይናዊ፣ ይለዋል፤ ቡና የምንጠጣበትን ዕቃ ማን እንደምንለው አስቡት። እንደ ቻይና ያለ ጭቃ ስላልነበራቸው ግሌዛቸው ላይ ቲን ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ጨምረው ተራውን ሸክላ ነጭ ኩታ አለበሱት። ብልሃቱ በስፔን በኩል ጣሊያን ገብቶ ማዮሊካ ተባለ፤ ፈረንሳዮች ለዚሁ ዕቃ የሰጡት ፋይንስ የሚለው ስም የመጣው ፋኤንዛ ከምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። የሆላንዱ ሰማያዊና ነጭ ዴልፍትም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ከኩታው ስር ያለው ነው። አብዛኞቹ ኖራ የበዛበት ጭቃ ይመርጡ ነበር። እንዲህ ያለ ጭቃ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚኮማተር ከግሌዙ ጋር ይስማማል፣ ቀለሙም ይፈዛል። ቀዩ ጭቃዬ የጎደለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለሚቀጥለው ዙር በጭቃዬ ላይ 10፣ 15 እና 20 በመቶ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለባቸው ሦስት ናሙናዎች እየደረቁ ነው። እጅግ መድቀቅ አለበት፤ ጠጠር ከቀረበት ከተቃጠለ በኋላ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ሸክላውን ይሰብረዋል።

ስድስተኛዋ ሲኒ? ግሌዝ አልቆብኝ ስስ የቀባኋት ናት። እስካሁን አላረጠበችም።