ፍንጭቴን በዩሮ ዘግቼ ጎንደር ገባሁ

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እናቴ እያለቀሰች አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ ፈገግ ስል አየችኝና ቀጥ አለች።

«ፍንጭትሽን የት ጣልሽው?»

«ዘጋሁት እማዬ።»

«በስመ አብ! ማን ምን አለሽ?»

እውነቱን ለመናገር ማንም ክፉ አላለኝም። ፍንጭት በአባቴ ወገን ይወረሳል፤ ሰፈር ውስጥ «ፍንጭቷ» ሲሉኝ ደስ እያለኝ ነው ያደግኩት። ፍራንክፈርት ለተቦረቦረ መንጋጋ የሄድኩበት ሐኪም ግን የፊት ጥርሴን አየና «ይሄ ክፍተት እኮ ይስተካከላል» አለኝ። የሚስተካከል ነገር መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መስታወት ፊት መቆም አበዛሁ።

ጀርመን ውስጥ የመንግሥት ጤና መድን ለብሬስ (ጥርስ ለሚያስተካክለው ሽቦ) የሚከፍለው ችግሩ ከበድ ላለባቸው ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው። አዋቂ ከሆንክ፣ የመንጋጋ አጥንትህ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ካልሆነ በቀር፣ ከኪስህ ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ በየወሩ ከፈልኩ። 14 ወር ሽቦ። በጠበቀ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ሾርባ ብቻ።

ሲያልቅ «ካልኩስ» ብዬ ማንጫውንም ጨመርኩ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ጄል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ6 በመቶ በላይ አይፈቀድም፤ እሱም በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ። ሁለት ቀን ቡና እንዳትጠጪ ተባልኩ። ከሽቦው ይልቅ ያ ነው የከበደኝ! ደግሞ ጄሉ የሚያነጣው የራስን ጥርስ ብቻ ነው። የፊት ጥርሴ ላይ ያለችው የድሮ ሙሌት እንደነበረች ቀረች፤ አሁን ጎልታ ትታያለች።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አሳየችኝ። በልጅነቷ የተነቀሰችው ነው፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ተወግታ! ለማንም አልመክርም፤ ግን በእኔ ጄል ለመሳቅ መብት አላት። «እኔስ እንዳምር ተወጋሁ» አለች። «አንቺ የተሰጠሽን ለማጥፋት ከፈልሽ?»

ጥርስ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ከኋላው ቀጭን ሽቦ ይለጠፋል። ፍንጭት ደግሞ መመለስ ይወዳል። ለከተራ ዋዜማ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀረበ። አንድ ጭብጥ ሽምብራ ያዝኩ። ቀጭ!

ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም የተላቀቀው ሽቦ ምላሴን እንዳይቆርጠኝ አወጣልኝና «ቶሎ ካላስተካከልሽው ይከፈታል» አለኝ። ጥርሱ እንዳይንሸራተት ማታ የሚደረገውን ፕላስቲክ ደግሞ ፍራንክፈርት ትቼው መጥቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ምላሴ ክፍተቷን አገኘቻት። እናቴ ጠዋት ጠዋት «እስቲ ሳቂ» እያለች ትመረምረኝ ጀመር። በስድስተኛው ሳምንት አዘዞ ስትሸኘኝም አሳቀችኝ።

«መጣ» አለች፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ፍራንክፈርት ስመለስ እንደገና ለማሰር ቀጠሮ ያዝኩ። ለማክሰኞ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።