ዘውድ ያለበት ሽጉጥ ሁሉ የጀነራል አይደለም

ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ ነው የምሠራው። በቀደም አንድ የአገር ልጅ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ሽጉጥ ይዞ መጣ። ዌብሊ ማርክ 6 ነው፤ እንግሊዞች በ1915 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት ስድስት ጎራሽ።

«ወንድሜ፣ የጀነራል ነበር ብለው ነው የሸጡልኝ። ይኸው ዘውዱ!» አለኝ።

ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ከዘውዱ ሥር ቁጥርና ፊደል ካለ እኮ የመርማሪው ማህተም ነው፣ ዕቃውን አይቶ ያሳለፈው ሰው ምልክት። ለማንም መኮንን የታደለው ላይ አለ። ብረቱ ላይ የተመታችው የቀስት ምልክት ደግሞ አስፈርታዋለች፤ የመንግሥት ንብረት ማለት ናት ሲባል ሰምቶ «ተሰርቆ ይሆን እንዴ?» ይላል። እውነት ነው፣ ቀስት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት። የሱ ላይ ግን ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል። ይሄ ከሠራዊቱ ተሸጦ የወጣ ለመሆኑ የሚመታ ነው፤ ተገላገለ።

ከዚያ «በል የ.45 ኤሲፒ ጥይት ሁለት ፓኮ ስጠኝ» አለ፤ የአሜሪካኖቹን የሽጉጥ ጥይት ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሽጉጡ የተሠራው ለ.455፣ ለእንግሊዞቹ ጥይት ነው። ሲሊንደሩን፣ ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከኋላ በኩል ሳየው ተልጧል፤ ብረቱ በማሽን ተፍቆ ሳስቷል፣ ጠርዙ ላይ የማሽኑ ጭረት ያብረቀርቃል። አሜሪካ የገቡት ብዙዎቹ እንደዚህ ተልጠዋል፤ የ.455 ጥይት እንደልብ ስለማይገኝ .45 ኤሲፒን በግማሽ ጨረቃ ቆርቆሮ አያይዞ ለማጉረስ።

«ይገባል እኮ፣ ሞክሬዋለሁ!» አለ።

መግባቱንማ ይገባል። ግን አፈሙዙ ላይ ያለው የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት ማህተም ምን ይላል? እነሱ ከ1813 ጀምሮ መሣሪያ ሲፈትሹ የኖሩ ናቸው፤ ከወትሮው የበረታ ጥይት ተኩሰውበት ካልተሰነጠቀ ማህተም ይመቱበታል። የሱን የፈተሹት በ.455 ልክ ነው፣ ከመላጡ በፊት። የ.45 ኤሲፒ ግፊት ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ አንዳንዱ የፋብሪካ ጥይት ለፍተሻ ከተተኮሰው ጋር ሊጠጋ ይችላል። አንዴ ሁለቴ ሊችለው ይችላል። መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ግን መቼ እምቢ እንደሚል አይናገርም፣ እጅህ ደግሞ እዚያው ነው ያለው።

ፓኮውን ከመደርደሪያው አላወረድኩትም። ትንሽ አኮረፈ። ለስለስ ተደርጎ ለዌብሊ የሚሞላ ጥይት የሚሠራ ሰው ስልክ ሰጠሁት። ዋጋውን ሲጠይቀኝም ያልተላጠው የበለጠ እንደሚያወጣ ነገርኩት፤ ይሄኛው ከማኩረፉ አልፎ አናደደው።