ረቂቁ ሳይመጣ አጀንዳ እንዴት እንደማወጣ

የፓርላማ አጀንዳ ማውጣት ሲባል ብዙ ሰው ቀን መርጦ መፃፍ ይመስለዋል። ኧረ ተዉ። ትልቁን ረቂቅ አዋጅ ሚኒስትሮች ምክር ቤት አይቶ ወደ ህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲልከው ነው የሚመጣው፣ እኛ አጀንዳ የምናረቅቀው ሰዎች ደግሞ «ማክሰኞ ይድረስ» ብለን የማዘዝ ስልጣን የለንም። ስለዚህ እኔ ረቂቁን ፕሮግራም አላደርግም፣ ዙሪያውን ነው ፕሮግራም የማደርገው።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን ስራ ቢገፋ ማንም የማይቀየምበትና ቢገፋ የሚያጣላ ብዬ እለየዋለሁ። የብድር ስምምነት ማፅደቂያ ምናምን ገብቶ ከሆነ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። የሚኒስቴር መስሪያ ቤት ሪፖርት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሚኒስትሩ ከነሃላፊዎቹ ቀኑን ዘግቶ፣ ቋሚ ኮሚቴው ጥያቄ አዘጋጅቶ፣ ጋዜጠኛ ተጠርቶ፣ በዋዜማው ደውለህ «ረቂቅ ስለመጣ ሌላ ቀን ይሁንልን» ብትል ከዛ በኋላ ስልክህን የሚያነሳልህ የለም። ረቂቅ በሚጠበቅበት ቀን ሪፖርት አላስገባም፣ በቃ። እዛ ቀን ላይ የሚገቡት ተገፊዎቹ ናቸው።

ሌላው «እየመጣ ነው» የሚባለው ነገር ነው። ይሄን ቃል ስልክ ላይ ስሰማ ደስ አይለኝም፣ ወዲያው ነው የምጠይቀው፣ ሸኚ ደብዳቤው ተፈርሟል? ማህተም አለው? ማብራሪያው አብሮ አለ? አባሪውስ? አንዴ ደብዳቤው ደርሶ አባሪ ሰንጠረዡ የላኪው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ነበር፣ ስንደውል «ልከናል እኮ» ይሉናል፣ አዎ ልካችኋል፣ ግማሹን። ከዛ ወዲህ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያልተሰጠው ረቂቅ ለኔ አልመጣም ማለት ነው፣ ማንም ቢደውል።

ግን አንድ የሚያፅናና ነገር አለ። ረቂቁ መጀመሪያ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ማብራሪያ ይሰማና አባላት አስተያየት ሰጥተውበት ለዝርዝር እይታ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ይሄ የግድ ሙሉ ቀን አይበላም፣ ሌላ አጀንዳ መሃል ማስገባት ይቻላል። ጊዜውን የሚበላው ኮሚቴው ነው። ባለድርሻ አካላት ይጠራሉ፣ የህዝብ መድረክ ይዘጋጃል፣ የውሳኔ ሃሳብ ይፃፋል። ስለዚህ ከጉባኤው ቀን ይልቅ የኮሚቴውን ፀሃፊ ነው የምይዘው፣ «እቱ፣ ከመጣ መቼ መቀመጥ ትችላላችሁ?» ብዬ አዳራሹን በእርሳስ አስይዛለሁ።

ሰኔ ላይ ቀልድ የለም። በህገ መንግስቱ አንቀፅ 58 የምክር ቤቱ የአመቱ የስራ ጊዜ ሰኔ 30 ያበቃል፣ የበጀት አመቱ ደግሞ ሃምሌ 1 ይጀምራል፣ በመሃል ትርፍ ቀን የሚባል ነገር የለም። እኔ ከሰኔ 30 ወደኋላ ነው የምቆጥረው፦ ማፅደቂያው፣ የኮሚቴው ሪፖርት የሚባዛበት (ማባዣ ማሽኑ ቀለም የሚጨርሰው ሁሌ ያኔ ነው)፣ የህዝብ መድረኩ፣ ወደ ኮሚቴ የሚመራበት። የመጨረሻው ቁጥር ረቂቁ ከዚህ ቀን ካለፈ እንቸገራለን የሚለውን ይነግረኛል፣ እሱን ቀን ለአለቆቼ አስቀድሜ በፅሁፍ ነው የምሰጠው፣ በቃል የተነገረ ይረሳል።

የመስክ ምልከታንም አልረሳውም። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው፣ ኮሚቴዎቹ ሁሉ ባንድ ሳምንት ክልል ከወጡ ረቂቁ ቢመጣም ለማን ይቀርባል? ስለዚህ ተራ በተራ እንዲወጡ እለምናለሁ፣ የትልቁ ረቂቅ ኮሚቴ ደግሞ መጨረሻ ላይ። እነሱ ይነጫነጫሉ፣ ግን እስካሁን ይሄን ተራ አልቀየርኩም።