«አታካብጂ» የማትባለው ልጅ

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገችልኝ። ሽፋኑ ላይ ጎራዴ የመዘዘች ልጅ ቆማለች፤ ከኋላዋ ከተማ ይነዳል። «አክስቴ፣ እስከ ምዕራፍ 5 ብቻ ታገሺው። ካልጣመሽ ትመልሺልኛለሽ» አለችኝ። አዲስ ነገር የምታሳየኝ መስሏታል። እኔ ደግሞ በፋንታሲ፣ ማለትም በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ በሚካሄድ የአስማትና የጎራዴ ታሪክ፣ ከተለከፍኩ 25 ዓመት እንዳለፈኝ ሳልነግራት ቀረሁ።

40 ዓመቴ ነው። የምተዳደረው የሰው ሒሳብ በመመርመር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ ሽፋኑን ወደ ጉልበቴ እደፋዋለሁ። ድራጎን ያለበት መጽሐፍ ይዞ መታየት ለኦዲተር አይመችም።

መጀመሪያ የማየው ካርታውን ነው። ረጅም ፋንታሲ ያለ ካርታ አይሆንልኝም። ተራራው፣ ወንዙ፣ ከዚያ ደግሞ ጥግ ላይ ስሟ ብቻ የተጻፈ አንዲት ደሴት። ታሪኩ እዚያች ደሴት ሳይደርስ ካለቀ ያልተዘጋ ሒሳብ ይሆንብኛል። አንድ ባለ 3 ቅጽ ታሪክ እስከ ዛሬ የአንድ ደሴት ዕዳ አለበት።

የያዘኝ ግን ካርታው አይደለም። በ15 ዓመቴ የልብ ጓደኛዬ ድንገት አኮረፈችኝ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስም አልኩ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በየተራ ያው አንድ ነገር ይለኛል። «ኧረ አታካብጂ! ዓለም አልጠፋ!» ያን ሰሞን ነው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበብኩት። ውስጡ ያለችው ልጅ እኩያዬ ነች። እሷም ከጓደኛዋ ተጣልታለች። ልዩነቱ፣ እዚያ ዓለም የእውነት እየጠፋች ነው። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጦር ይመጣል፣ አማካሪው ንጉሡን ይከዳዋል። ማንም «አታካብጂ» አይላትም። የስሜቷ ልክና የታሪኩ ልክ እኩል ነው። በ15 ዓመት ልብ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ የሚችል ሌላ ዕቃ እስካሁን አላገኘሁም።

ዘርፉ ራሱ ግን ለሴት ልጅ ቁጣ ቦታ ለመልቀቅ ጊዜ ፈጅቶበታል። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስተኛ ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እዚያ ውስጥ ኤዎዊን የምትባል ወጣት ጦር ሜዳ የምትደርሰው የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟን ለውጣ ነው። ወንድ አይጥለውም የተባለለትን የጠላት አለቃ፣ በአንድ ትንሽዬ ወዳጇ እገዛ፣ ትጥለዋለች። ያን ገጽ ስንቴ እንዳነበብኩት! ግን ከዚያ ሁሉ ገጽ የእሷ ድርሻ ጥቂት ምዕራፍ ነው። መጨረሻ ላይም ጎራዴውን ትታ ፈዋሽ እሆናለሁ ትላለች፤ ታገባለች። መፈወስ ክፉ ነገር አይደለም። እኔ ግን አኮረፍኩ።

እ.ኤ.አ. በ1983 የደራሲዋ የታሞራ ፒርስ ባለታሪክ፣ አላና፣ መጣች። እሷም ከመንታ ወንድሟ ጋር ቦታ ተለዋውጣ፣ ወንድ ነኝ ብላ፣ የንጉሥ ባላባት ፈረሰኛ ለመሆን ትሠለጥናለች። አሁን ግን መጽሐፉ የራሷ ነው። ፒርስ መጀመሪያ የጻፈችው ለአዋቂዎች የታሰበ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነበር፤ በኋላ ነው ለወጣቶች በ4 የከፈለችው። እንኳንም ከፈለችው። ቁጣዋ ለማደግ ጊዜ አገኘ። አንድ ጉልበተኛ ልጅ ደጋግሞ ይደበድባታል። ለማንም አትከስም። በድብቅ ድብድብ ትማርና ራሷ ትገጥመዋለች።

የእኔዋ ግን ኤሪን ነች። ደራሲዋ ሮቢን ማኪንሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው «ጀግናዋና ዘውዱ» ውስጥ ያለችው። የንጉሥ ልጅ ነች፤ ግን እናቷ ጠንቋይ ነበረች እየተባለ ይታማል። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ከእሳት የሚከላከል ቅባት አሠራር ታገኛለች። ምን ምን እንደሚገባበት ተጽፏል። ምን ያህል እንደሚገባ ግን የለም። እናም ትቀምማለች፣ በእሳት ትፈትናለች፣ ይበላሽባታል፣ እንደገና ትለካለች። ዓመታት ይፈጅባታል። ከጎራዴ ምዘዛው ሁሉ ይልቅ ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። (ሒሳብ መርማሪ ነኝ አላልኩም?)

በዚያ ቅባት የምትገጥማቸው እሳት ተፊ ድራጎኖችም መጀመሪያ ላይ ትናንሾች ናቸው። እነሱን መግደል ክብር የለውም፤ ተባይ እንደማጥፋት ነው የሚቆጠረው። በኋላ ትልቁ ይመጣል። ታሸንፈዋለች፤ ግን ተቃጥላ፣ ቆስላ ነው የምትመለሰው። ቶሎም አይሽርላትም። ይባስ ብሎ የድራጎኑን ጭንቅላት ለድል ማስታወሻ ቤተ መንግሥት ሲያስገቡት፣ ሰዉን ሁሉ ድብርት ይወርሰዋል።

አሁን አሁን በሚወጡት መጽሐፎች ለሴት ባለታሪክ የሚሰጠው «ኃይለኛ» የሚለው ቃል የረከሰ ይመስለኛል። ገጽ 3 ላይ ልጅቷ የአገሩ አንደኛ ነፍሰ ገዳይ ነች ይሉኛል። ገጽ 40 ላይ ንጉሡን ትሰድበዋለች። ማንም ምንም አይላትም። ስትሠለጥን አላየሁ፣ ስትሸነፍ አላየሁ። ምላስ ብቻ! ሁለት ቆንጆ ወንዶች ከገቡበት ደግሞ ጉድ ፈላ፤ ትናንት ሠራዊት የመራችው ልጅ ዛሬ የጫማዋን ክር ማሰር ይጠፋታል። ፍቅሩን አልጠላም፤ ክሯን ግን ትሰር።

ጎራዴ ያልያዘችም አለች። የደራሲዋ የኧርሱላ ለ ጉዊን «የአቱዋን መቃብሮች» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ባለታሪኳን ቴናርን ገና በልጅነቷ ከቤተሰቧ ወስደው፣ ስሟን ቀምተው «የተበላችው» አሏት። የምትጠብቀው ከመሬት በታች ያለ፣ መብራት የማይበራበት ውስብስብ ዋሻ ነው። በዳበሳ፣ መታጠፊያ እየቆጠረች ትሄድበታለች። አንድ ቀን መብራት የያዘ ሌባ እዚያ ታገኛለች። መግደል አለባት። በሩን ትዘጋበታለች። ግን እጇ እምቢ ይላታል፤ ውኃ ታደርስለታለች። ያቺን ልጅ ደፍሮ ደካማ የሚላት ካለ ይምጣ።

የእህቴን ልጅ መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ላይ አላቆምኩትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጨረስኩት። አርብ ዕለት ልመልስላት ተዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ በሩን በርግዳ ገባች። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ተወረወረ። ክፍል ውስጥ ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣባታለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ አይታ ዝም ብላለች። «በቃ፣ ሕይወቴ አለቀ!»

አፌ ላይ «አታካ...» ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ወረቀትና እርሳስ አቀበልኳት። «እስኪ ማን የት እንደተቀመጠ አሳዪኝ።»

ሣለችው። ሰሌዳው ከላይ፣ መስኮቱ በግራ። ወንበሮቹን በስም ሞላቻቸው። ማን ከማን ጋር እንደሆነ በቀስት አያያዘች። ታች ጥግ ላይ ስም የሌለው አንድ ወንበር ቀረ።

«ይሄስ የማን ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱ ገና ነው አክስቴ፤ ወደሱ እመጣለሁ።»